ለሚያፈስ ጣራ አሚን

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ሳር ክዳን ጎጆ ሠርቶ ሰው የሚያስተናግድ ምግብ ቤት ተጋብዤ ነበር። ምሳችን እንደቀረበ ዝናቡ ወረደና ክዳኑ አንዲት ጠብታ ወጤ ላይ ጣለ። አስተናጋጇ ሮጣ መጥታ ይቅርታ ስትጠይቀኝ ሳቄን ማቆም አቃተኝ፤ የጋበዙኝ ሰዎች ሳይደነግጡ አልቀሩም። የራሰ አሮጌ ሳር የራሱ ሽታ አለው፤ ጭስ ጭስ ይላል፣ ከሥሩ ደግሞ የበሰበሰ ቅጠል አለበት። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆንኩ፤ አሶሳ፣ ሼህ ሐምዳን ግቢ ውስጥ ቆሜ እየዋሸሁ ነበር።

ጊዜው አሶሳ የክልል ዋና ከተማ የሆነችበት ሰሞን ነው። ክልል ምን እንደሆነ ማንም ስላላስረዳኝ በራሴ ደረስኩበት፤ ክልል ማለት ወንበር ነው። «ክልል ሆንን» ከተባለ ጀምሮ በባምባሲ በኩል የሚመጣው የጭነት መኪና ሁሉ የሚያራግፈው ወንበር ነበራ። ከወንበሮቹ ቀጥሎ የሚቀመጡባቸው ሰዎች መጡ፤ ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከሸዋ፣ ሁሉም ቦርሳ ይዘው። ወንበር ያልደረሰው ደግሞ መምህር ይሆናል ብዬ አምን ነበር፤ መምህር ቆሞ ነዋ የሚያስተምረው።

እኛ ወሎዬዎች ነን። ቤተሰቦቼ በደርግ ጊዜ በሰፈራ መጥተው፣ እኔ ያደግሁት ስም ሳይሆን ቁጥር በተሰጣት መንደር ነው። ውሃ የምንቀዳው ከአገሬው ከበርታ ልጆች ጋር ከአንድ ወንዝ ስለነበር፣ እናትና አባቴ ከሰላምታ ያልዘለሉበትን በርትኛ እኔ ተጣልቼበት፣ ተሳድቤበት፣ ታርቄበት አድጌያለሁ። አባቴ ከንጋት እስከ ማታ እርሻው ላይ ስለሚውል እዚህ ታሪክ ውስጥ የለበትም። በኋላ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ስንገባ ጎረቤታችን ሼህ ሐምዳን ሆኑ።

ሼህ ሐምዳን ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጀለቢያ የማይለያቸው የበርታ ሽማግሌ ነበሩ። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ትላልቅ የማንጎ ዛፎችና ከቀርከሃ የተሠራች አንዲት ትርፍ ቤት ነበረቻቸው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንድና ሴት አይለይም፣ እኔንም እናቴንም ፍየሏንም «አንተ» ነበር የሚሉን። በበርትኛ ሲናገሩ ግን አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይሰማቸዋል። ቃላቸው ደግሞ ቃል ነው። ለእናቴ የቀርከሃ አልጋ «ማክሰኞ» ብለው ነበር፤ ማክሰኞ ሰማይ ተቀዶ ሲወርድ፣ አልጋውን በጭንቅላታቸው ተሸክመው በር ላይ ቆሙ። እናቴ «ምን አስቸኮለዎ?» ብትላቸው «ማክሰኞ ነው» አሏት።

መጋቢት ላይ ያችን ትርፍ ቤት መምህር አየነው ተከራየ። ያኔ «እርስዎ» ነበር የምለው፤ አሁን ሳሰላው ሃያ ሁለት ዓመት ቢሞላው ነው፣ «እሱ» ብለው አይቀየመኝም። ከጎጃም ተመድቦ ነው የመጣው። ከሱ በፊት ሒሳብ የሚያስተምረን ሰው ስላልነበረ፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የትምህርት ቤቱን ሣር እናጭድ ነበር። አየነው መጣና «ማጭዱን አስቀምጡ» አለን። ክፍልፋይን ማንጎ እየቆረጠ አስተማረን፤ ደወል ሲደወል ትምህርቱን በላነው። ከትምህርት በኋላም ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ፣ ላልገባው ልጅ ሁሉ ቁጭ ብሎ ያስረዳል። ቁጥር እንደ ጨዋታ ደስ ሊል እንደሚችል ያወቅሁት በሱ ነው፤ ወደድኩት፣ በጣም ወደድኩት።

እሱ ከበርትኛ አንዲት ቃል አያውቅም። ሼህ ሐምዳን በአማርኛ ከ«ና» እና ከ«ሂድ» እምብዛም አይርቁም። በመሃላቸው ያለሁት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ እናቴ «ሂጂ እስቲ፣ ሰዎቹ ይፈልጉሻል» ትለኛለች፤ ሄጄ ከማንጎው ሥር እቆማለሁ።

አስተርጓሚነትን ማንም አላስተማረኝም። የማውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። በትልቁ ሜዳ በተደረገ ስብሰባ ላይ አንድ አስተርጓሚ አይቻለሁ፤ ተናጋሪው ረጅም ነገር ሲናገር ሰዉ ዝም ይላል፣ አስተርጓሚው አጠር አድርጎ የሆነ ነገር ሲል ሰዉ ያጨበጭባል። ስለዚህ የአስተርጓሚ ሥራ ማስጨብጨብ መሰለኝ። ሌላው የእናቴ ትእዛዝ ነው። እናቴ በዓለም ላይ ካሉት ፍጥረታት ሁሉ ነገር አመላላሽ አትወድም። «የሰው ክፉ ቃል ከዚህ ቤት ሰምተሽ እዚያ ቤት ብታደርሺ፣ ምላስሽን በበርበሬ ነው የማሽልሽ» ብላኛለች፤ አንድ ጊዜም አሽታዋለች። እንግዲህ አንዱ ስለ ሌላው የተናገረውን ወስዶ ማድረስ ነገር ማመላለስ ካልሆነ ምንድን ነው?

ዝናቡ የጀመረው ማንጎው በደንብ ሲበስል ነው። የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት መምህሩ ጠራኝ። ፍራሹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ አስጥቶታል፤ ፊቱ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ፊት ነው።

«ሰዓዳ፣ ለሼህ ሐምዳን ንገሪልኝ። ጣራው አልጋዬ ላይ ያፈሳል። ቤት የሚያከራይ ሰው ዝናብ ሳይመጣ ጣራውን ያያል በያቸው።»

ይህንን ይዤ ወደ ሼሁ ዞርኩ። ጥርሳቸውን እየፋቁ በትዕግሥት ይጠብቁኛል። ያንን ደግ ፊት ሳይ በርበሬው ትዝ አለኝ። በበርትኛ «መምህሩ፣ ዝናቡ የበረከት ይሁንልዎ፣ ቤትዎን ይሙላው ብለዋል» አልኳቸው።

«አሚን» አሉ ሼሁ፣ መፋቂያቸውን አስቀምጠው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው እየዳበሱ።

«ምን አሉ?» አለኝ መምህሩ።

«ኢንሻአላህ ይሠራል ብለዋል።»

ሁለቱም ደስ አላቸው። ሼሁ «ጨዋ ልጅ ነው» አሉና ለኔ ማንጎ ሰጡኝ። መምህሩ «ደግ ሰው ናቸው» አለና ቁራጭ ጠመኔ ጨመረልኝ። ሁለት እጄን ሞልቼ ቤቴ ገባሁ፤ ያጨበጨበ ባይኖርም የተጨበጨበልኝ ያህል ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የፉጨት ነገር ነው። መምህር አየነው ማታ ምስሩን ሲሠራ ያፏጫል። ምስሩ ያርራል፣ ፉጨቱ ይቀጥላል። ሼህ ሐምዳን ጠሩኝ።

«ለዚህ ልጅ ንገሪው» አሉኝ በበርትኛ። «ሲመሽ ማፏጨት እባብ ይጠራል። ባለቤቴ ፈርታ ከቤት መውጣት ትታለች።»

እኔም ወደ መምህሩ ዞሬ «ሼህ ሐምዳን ፉጨትዎ ደስ ይላል ብለዋል» አልኩት።

ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። «እውነት? አገሬ እንኳ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም» አለ። ለሼሁ ደግሞ «ይቅርታ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም ብለዋል» አልኳቸው። ከዚያች ማታ ጀምሮ ሰውየው ለሼህ ሐምዳን ሲል ማፏጨት ጀመረ። በሩን ከፍቶ፣ ፊቱን ወደሳቸው ቤት አዙሮ፣ ከወትሮው ከፍ አድርጎ ያፏጫል። በሳምንቱ አዲስ ዜማ ሁሉ ጨመረላቸው።

ዝናቡም አልተወንም። ስድስት ጊዜ ከባድ ዝናብ ጣለ፣ ስድስት ጊዜ ተጠራሁ። የመምህሩ ስሞታ እየመረረ ሲሄድ የኔ ምርቃት እየረዘመ ሄደ። ሼሁ አሚን ይላሉ፣ እኔ ኢንሻአላህ እላለሁ፣ መምህሩ አልጋውን ወደ ሌላ ጥግ ይገፋል። በአራተኛው ዝናብ ማእዘኑ አለቀበት።

አንድ ቀን የፈተና ወረቀታችንን «ነገ እመልሳለሁ» ብሎ በማግስቱ ይዞ መጣ፤ እሱም «ነገ» ካለ ነገ ነው። ወረቀቶቹ ላይ ሁሉ ክብ ክብ የውሃ ምልክት ነበረባቸው። የክፍሉ ልጆች ተያየን። «ውጤታችንን አይቶ አልቅሶ ነው» ተባባልን፤ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ከሁሉም የባሰ ውጤት ስላመጣ ከሁሉም የበለጠ የራሰው የሱ ወረቀት መሰለው። ያን ሳምንት ክፍሉ በሙሉ እንደ ጉድ አጠና። የማን ውሃ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም አብሬ አጠናሁ።

ቀስ በቀስ አንድ ነገር ማስተዋል ጀመርኩ። ሼህ ሐምዳን ለመምህሩ ማንጎ መላክ አቆሙ። መምህሩ በደጃቸው ሲያልፍ አንገቱን መድፋት ጀመረ። አንድ ቀን ሼሁ ማንጎ እየለቀሙ «የዚህ ልጅ አፉ ማር ነው» አሉኝ። «ይቅርታ ይላል፣ ማታውኑ ያፏጫል። ቃል የሌለው ሰው ነው።» በዚያው ሰሞን መምህሩ ለእናቴ በአጥሩ ላይ «ሼሁ ኢንሻአላህ እያሉ ክረምቱን ሊያሳልፉብኝ ነው፤ እንዲህ ያሉ ዋሾ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም» ሲላት ሰማሁት። ማክሰኞ ካሉ ማክሰኞ የሚመጡትን ሰውዬና ነገ ካለ ነገ የሚያመጣውን ሰውዬ፣ አንዱን በሌላው ዓይን ዋሾ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ግን ከየት ይጀመራል? ውሸት ሲጀምሩት አንድ ነው፣ ሲጨርሱት ጎተራ ይሞላል።

ሰኔ ገብቶ አንድ ረቡዕ መምህሩ የማመልከቻ ግልባጭ ይዞ ጠራኝ። ሼሁም መጥተው ከማንጎው ሥር ተቀመጡ።

«ይህ የመጨረሻው ነው» አለኝ። «ዝውውር ጠይቄያለሁ። ዓርብ ይፈርሙልኛል፤ ቅዳሜ ወደ ግልገል በለስ እሄዳለሁ። ቃሉን ከሚያጥፍ ሰው ጋር አንድ ግቢ መኖር አልችልም በያቸው።»

ግልገል በለስ የት እንደሆነ አላውቅም፤ ዓባይን ተሻግሮ እንደሆነ ብቻ ሰምቻለሁ። የታየኝ ማጭዱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በሒሳብ ሰዓት አጎንብሼ ሣር ሳጭድ ታየኝ። ምርቃት ፈለግሁ፣ አጣሁ።

«ምን አለ?» አሉኝ ሼሁ።

ትቻቸው ሮጥኩ።

እናቴ ባሚያ እየከተፈች ነበር። ከመጀመሪያው ዝናብ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ላይ ሳቀች፤ ቢላዋውን አስቀምጣ አፏን በሻሿ ያዘች። ፉጨቱ ላይ ስደርስ እንባዋን መጥረግ ጀመረች። ቅዳሜ ላይ ስደርስ ግን ሳቋ ጠፋ።

«ነገር አታመላልሺ ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አልኳት እያለቀስኩ።

«ነገር አመላላሽ ማንም ሳይልከው ነው የሚሄደው» አለችኝ። «አንቺን ልከውሻል። የተላከውን ያላደረሰ አደራ በላ ይባላል።» ቆመች። «አደራ ለበላ ምላስ ደግሞ በርበሬም አይበቃው። ተነሺ።»

እጄን ይዛ መለሰችኝ። ሼሁ እንደተቀመጡ ናቸው፤ መምህሩ በሩ ላይ ቆሟል። እናቴ ከኋላዬ ቆመች። መጀመሪያ በአማርኛ ተናገርኩ። ጣራውን፣ ምርቃቱን፣ ኢንሻአላሁን፣ ፉጨቱን፣ ሁሉንም። መምህሩ ሲሰማ አልተቆጣም፤ ፉጨቱ ላይ ስደርስ ብቻ አንገቱን ደፋ። ስጨርስ ወደ ሼህ ሐምዳን ዞርኩ።

እዚያ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። እናቴ በርትኛ አትሰማም። መምህሩም አይሰማም። የፈለግሁትን ብናገር የሚያውቅብኝ ሰው የለም። «መምህሩ እናታቸው ታመው ሊሄዱ ነው» የምትል የተሠራች ዓረፍተ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ይቅርታ በአማርኛ አግኝቻለሁ፤ በበርትኛ ለምን እዋረዳለሁ? ሼሁ ግን ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ያንን ሁሉ አንደበት ይዘው፣ ወደዚህ ጎረቤታቸው የሚደርሱበት አፍ የኔ ብቻ ነበር፤ አምነው ሰጥተውኛል። አፈርኩ። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ስድስቱንም ዝናብ በበርትኛ አንድ በአንድ ነገርኳቸው።

ሼህ ሐምዳን ጣራውን ቀና ብለው አዩት።

«ስድስት ጊዜ?» አሉኝ።

«ስድስት ጊዜ።»

«ቤትዎን ይሙላው ያልሽኝ ጊዜ ሁሉ?»

«አዎ።»

«ለሚያፈስ ጣራ ስድስት ጊዜ አሚን አልኩ» አሉ ቀስ ብለው። «አላህም ሰማኝ። ይኸው ሞላው።» ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ምን አሉ?» አለ መምህሩ። ነገርኩት። ሊኮሳተር ሞከረ፣ አልሆነለትም፤ በሩን ተደግፎ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ፤ «ስለ ፉጨቱ ግን... ትንሽም ደስ አላላቸውም?»

ሼሁን ጠየቅኋቸው፣ መለሱልኝ። ምላሴ ወደለመደው መንገድ ሊያመልጠኝ ሲል እናቴ ከኋላዬ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እባቡ ይሻለኛል ብለዋል» አልኩት።

በማግስቱ ሼህ ሐምዳን ጎህ ሲቀድ ጣራው ላይ ወጡ። መምህሩ ከሥር ሳር ያቀብላል፤ እኔ ቅጣቴ ስለሆነ የሳሩን ነዶ ከመንገድ እስከ ቤቱ ስሸከም ዋልኩ፣ በዚያ ላይ «ወፍራሙን»፣ «እዚያ አይደለም»፣ «ይህ ልጅ ሳር እንኳ መያዝ አያውቅም» የሚለውን ሁሉ እየተረጎምኩ። አንድም አልዘለልኩም። መምህሩም «እሳቸው ራሳቸው ዝንጀሮ ይመስላሉ በያቸው» አለኝ፤ አልኳቸው። ሼሁ ከላይ ሆነው አንድ እፍኝ ሳር አናቱ ላይ ለቀቁበት።

የዝውውር ማመልከቻው ግን ቀድሞ ትምህርት ቢሮ ገብቷል። ዓርብ ከጁምዓ በፊት ሼህ ሐምዳን ንጹሕ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ መምህሩን ከፊት፣ እኔን ከጎን አድርገው ሄዱ። ቢሮው ውስጥ ከነላስቲኩ የተቀመጠ ወንበር ነበር። ኃላፊው ከሌላ አገር የመጣ፣ መነጽር ያደረገ፣ የደከመው ሰው ነው። ብዕሩን እንደያዘ «ሼሁ ምን ፈልገው ነው?» አለኝ።

ሼሁ ተናገሩ፤ እኔ እየተከተልኩ ተረጎምኩ።

«ይህ ልጅ ኩሩ ነው። ምስር ያሳርራል። ሲመሽ ያፏጭ ነበር፣ ከትናንት ወዲያ ተወ። ሳር እንደ ሰው አይይዝም።» መምህሩ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። እኔም ቀጠልኩ። «ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ ከልጆቻችን ጋር ይቀመጣል። እሱ ከመጣ ወዲህ ልጆቻችን ማጭድ አልያዙም። የተጣላነው ቃሉ ሳይደርሰኝ ቀርቶ ነው፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም። አትውሰዱብን ብለዋል።»

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሼሁ አልተናገሩም ነበር። ኃላፊው ሳይጠይቀኝ «የኔ ነው» አልኩ፣ እሱን ግን ከራሴ ነው።

ኃላፊው ብዕሩን አስቀመጠ። «ለሰው ሊመሰክር የሚመጣ ሁሉ መልአክ ነው ይዞልኝ የሚመጣው» አለ። «ሰው ይዞልኝ የመጣ ዛሬ ገና አየሁ።» ወደ መምህሩ ዞረ፤ «አንተስ ምን ትላለህ?»

«ምስሩ እውነት ነው» አለ መምህሩ። «ከፈቀዱልኝ እቀራለሁ።»

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተውና መሳቢያውን ገፋው።

ከቢሮው ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። መምህሩ ደረቱን ነፍቶ ከፊታችን ይሄዳል፤ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ሰላምታ ይሰጣል። ሼህ ሐምዳን ከኋላው ሆነው ትንሽ ሲያዩት ቆዩና አንድ ነገር አሉ። መምህሩ ዞር አለ።

«ምን አሉ ሰዓዳ?»

ፊቱ እንዴት እንደሚያበራ አየሁት። ያን ፊት ማጥፋት አልፈለግሁም፤ እውነቴን ነው፣ ምንም አልፈለግሁም። «አካሄድዎ ያምራል ብለዋል» ማለት እንዴት ቀላል ነበር።

«ሱሪዎ ከኋላው ተቀዷል ብለዋል» አልኩት።

እጁን ወደ ኋላ ሰደደ። አገኘው። መንገዱ መሃል እንደቆመ ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ቢሮ ውስጥም?»

«ቢሮ ውስጥም» አልኩት።